የቆዩ የፈረንሳይ ስቲሎዎች፤ እንዴት ይሰበሰባሉ፥ እንዴትስ ይነበባሉ?

የአንድ አሜሪካዊ ፋብሪካ ስም የያዙ፥ መልካቸውም መጠናቸውም አንድ የሆነ ሁለት ብዕሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ በአንደኛው የወርቅ ጫፍ ላይ 14፥ በሁለተኛው ላይ ግን 18 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኝ ይሆናል። ባለ 18ቱን በአጉሊ መነጽር አስጠግቶ የተመለከተ ሰው ደግሞ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የወፍ ራስ ታትማበት ያያል። አዲስ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች ባንዱ ይወድቃል፤ ወይ ምልክቷን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ያልፋታል፥ ወይም ባለ 18ቱ ከባለ 14ቱ አብልጦ ይጽፋል ብሎ ያለ ዋጋው ይገዛዋል። ምልክቷ ግን ጌጥ አይደለችም፤ ስለ አጻጻፍም የምትናገረው ነገር የላትም። የምትናገረው ስለ ሕግ ነው፤ ያ ምላስ ለፈረንሳይ ገበያ የተዘጋጀ መሆኑን፥ ወርቁም በመንግሥት መርማሪ እጅ ማለፉን ትመሰክራለች።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ለማንበብ መንገድ ማሳየት ነው። የቆየ የፈረንሳይ ብዕር ከመታጠቡ፥ ከመወልወሉና ከመጠገኑ በፊት ሊነበብ የሚገባው ሰነድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንንም እምነት ያገኘሁት ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ ሳላነብ ካበላሸሁት ካንድ ብዕር ነው፤ የርሱንም ነገር ወደ ታች እናገራለሁ። ፈረንሳዮች ቀለሙን በሆዱ ይዞ የሚጽፈውን ብዕር «ስቲሎግራፍ» ከሚለው ቃል አሳጥረው «ስቲሎ» ይሉታል። እስክሪፕቶ ብዬ ብጽፍ አንባቢው በጫፉ ኳስ ያለበትን እንዳያስብብኝ፥ እኔም ስቲሎ የሚለውን ስም ይዣለሁ። ወረቀቱን የሚነካውን ጫፍ ምላስ፥ በእጅ የሚያዘውን አካሉን ቀፎ እለዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቀለምን በሆዱ የሚይዝ ብዕር የመሥራት ምኞት በፈረንሳይ አገር የቆየ ነው። ኒኮላ ቢዮን የተባለው የፓሪስ የሒሳብ መሣሪያዎች ሠሪ በ1709 ባሳተመው መጽሐፍ «መጨረሻ የሌለው ብዕር» የተባለውን መሣሪያ ገልጾአል። ከመቶ ዓመት በኋላም ፔትራኬ ፖዬናሩ የተባለ የሩማንያ ተወላጅ በፓሪስ ተማሪ ሳለ፥ ራሱን በራሱ ቀለም የሚመግብ ብዕር ሠርቶ በ1827 በግንቦት ወር ከፈረንሳይ መንግሥት የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀበለ። የመምህሩን ንግግር እየተከተለ ማስታወሻ የሚይዝ ተማሪ እንዲህ ያለ ብዕር ለምን እንደሚመኝ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

ዳሩ ግን ቀለሙን በቀፎው ውስጥ ማኖር ቀላል ነው፤ ችግሩ ሲፈልጉት ብቻ እንዲወርድ ማድረጉ ላይ ነው። ጠባብ አንገት ያለው ጠርሙስ ሲዘቀዘቅ ውኃው አንድ ጊዜ ይፈሳል፥ አንድ ጊዜ ይቆማል፤ አየር በገባ ቍጥር ብቻ ይወርዳል። ብዕርም እንዲሁ ነው። ቀለሙ ሲወርድ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየር ካልገባ ቀለሙ ይቆማል፥ ያለ ልክ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ተንጠባጥቦ ወረቀቱንም ኪሱንም ያበላሻል። ይህን ችግር ለንግድ በሚበቃ መልክ ካቃለሉት አንዱ የኒው ዮርኩ ሉዊስ ኤድሰን ዋተርማን ነው፤ እርሱም በ1884 የፈጠራ መብት ያገኘው ከምላሱ ሥር በሚገባ ቍራጭ ላይ ቀጫጭን ቦዮችን በመቅረጽ ነው። በቦዮቹ ቀለሙ ጥቂት በጥቂት ወደ ምላሱ ይወርዳል፥ አየርም በዚያው ወደ ላይ ይገባል። ከዚህ በኋላ የተሠሩት የፈረንሳይ ስቲሎዎችም የሚጽፉት በዚሁ መሠረታዊ ዘዴ ነው።

ፈረንሳዮች በዚህ ጊዜ ብዕር ለመሥራት እንግዶች አልነበሩም። በሰሜን ባሕር ዳርቻ ባለችው በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ ብላንዚና ፑር የተባሉት ሰዎች በ1846 የብረት ምላስ ፋብሪካ አቋቁመው ነበር፤ ከተማዋም ለብዙ ዘመን ቀለም እየተነከረ ለሚጻፍበት ብዕር የምላስ አገር ሆና ኖራለች። «ሰርዣን ማዦር» የተባለው ምላስ ከዚያ ወጥቶ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ገባ። ይህም ከስቲሎ ታሪክ ጋር ግንኙነት አለው። የፈረንሳይ ሕፃን በትምህርት ቤት የሚማረው ጽሕፈት ወደ ታች ሲወርድ የሚወፍር፥ ወደ ላይ ሲወጣ የሚቀጥን ነበር፤ ለዚህም ሲጫኑት የሚከፈት፥ ሲለቁት የሚገጥም ምላስ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ምላስ እጁ የሠለጠነ ሰው አድጎ ስቲሎ ሲገዛ ደረቅ ምላስ አይስማማውም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ የፈረንሳይ የወርቅ ምላሶች ለስላሳና ተለጣጭ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ዛሬም ሰብሳቢዎች ከሚፈልጉአቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስቲሎ ፋብሪካዎች በፈረንሳይ በዙ። ጎልድ ስታሪ፥ ባያር፥ ስቲሎሚን፥ ኤዳኮቶ፥ ዩኒክ፥ ሜቴዎር የሚባሉት ስሞች ለሰብሳቢ የተለመዱ ናቸው። ጎልድ ስታሪ ፈረንሳዊ ሆኖ ሳለ የእንግሊዝኛ ስም መያዙ የሚያስገርም አይደለም፤ በዚያን ጊዜ መልካም ስቲሎ ከአሜሪካ ይመጣል የሚል እምነት ስለ ነበረ ስሙ ራሱ እንደ ማስታወቂያ ነበር። ባያር ግን በተቃራኒው በ1524 በጦር ሜዳ የሞተውን፥ የማይፈራና የማይነቀፍ ተብሎ የተመሰገነውን የፈረንሳይ ባላባት ስም ወሰደ። ስቲሎሚን የስሙ ፍች በፈረንሳይኛ ከባለ መግፊያ እርሳስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሥራውንም የጀመረው በዚሁ እርሳስ ነው። ከነዚህ ሁሉ ለየት ያለው ጂፍ ነው። ዡል ኢዚዶር ፋጋር የተባለው ነጋዴ የስሙን ሦስት የመጀመሪያ ፊደሎች ገጥሞ ጂፍ የተባለ ኩባንያ አቋቋመና የዋተርማንን ብዕሮች በፈረንሳይ መሥራትና መሸጥ ጀመረ። ስለዚህ «ጂፍ ዋተርማን» የሚል ጽሕፈት ያለበት ብዕር የአሜሪካ ስም ቢይዝም ፈረንሳዊ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሻጭ አሜሪካዊ ነው ብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ወፏ እንመለስ።

በፈረንሳይ የወርቅና የብር ዕቃን የሚቆጣጠረው ሕግ በአብዮቱ ዘመን፥ በ1797 የወጣ ነው። በዚህ ሕግ ከሺህ እጅ 750 እጅ ንጹሕ ወርቅ የሌለበት ዕቃ በወርቅ ስም ሊሸጥ አይችልም። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለ ሆነ፥ 750 ማለት 18 ካራት ማለት ነው። በአሜሪካ ግን የብዕር ምላስ የተለመደው ልክ 14 ካራት ነው፤ ይኸውም ከሺህ 585 እጅ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ወይም የጀርመን ፋብሪካ ብዕሩን ለፈረንሳዮች የወርቅ ምላስ አለው ብሎ ለመሸጥ ቢፈልግ፥ ምላሱን በ18 ካራት ለይቶ መሥራት ነበረበት። ከላይ የጠቀስሁአቸው ሁለት ብዕሮች ልዩነታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ይህ ደንብ የላላው በ1994 ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ 14 እና 9 ካራትም ተፈቀዱ። ከዚያ በፊት ለተሠራ ብዕር ግን 18 ቁጥር ጥሩ መሪ ነው።

ቁጥሩን ፋብሪካው ራሱ ሊቀርጸው ይችላል፤ ምስሉን ግን የሚያትመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የንስር ራስ ከ1838 ጀምሮ በፈረንሳይ ለተሠራ የ18 ካራት ወርቅ የተሰጠ ምልክት ነው። ጉጉት ደግሞ ከ1893 ጀምሮ ከውጭ አገር ለገባ ወርቅ ነው። ሁለቱም ወፎች ናቸው፤ ሁለቱም በጣም ትንንሾች ናቸው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ንስሩ ወደ ጎን የሚያይ መንቁራም ራስ ብቻ ነው፤ ጉጉቱ ግን ከነአካሉ ቆሞ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞረ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከሌለ ይህን መለየት በግምት መናገር ይሆናል።

ለብርም የራሱ ምልክቶች አሉት። ሚኔርቫ የተባለችው የሮማውያን አምላክ ራስ በቁጥር 1 ከታጀበች ከሺህ 950፥ በቁጥር 2 ከታጀበች ከሺህ 800 እጅ ብር መሆኑን ታሳያለች። በትንንሽ የብር ዕቃዎች ላይ፥ ለምሳሌ በክዳን ቀለበት ላይ፥ በፓሪስ የከርከሮ ራስ፥ በሌሎቹ አውራጃዎች ሸርጣን ይታተም ነበር። ከነዚህ ጎን የሠሪው የራሱ ምልክት ይገኛል። የሠሪው ስም ፊደሎች በማዕዘኑ በቆመ አራት ማዕዘን፥ ማለት በካርታ መጫወቻ ላይ እንዳለው ዳይመንድ በመሰለ ቅርጽ ውስጥ ከሆኑ ዕቃው እውነተኛ ወርቅ ወይም ብር ነው፤ በተስተካከለ አራት ማዕዘን ውስጥ ከሆኑ ግን በሌላ ብረት ላይ የተለበጠ ነው። በወርቅ ቅጠል የተሸፈኑ የሚያማምሩ የፈረንሳይ ስቲሎዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ሻጩ «ወርቅ ነው» ሲል የሚዋሸው ሁልጊዜ ሆነ ብሎ አይደለም፤ እርሱም የምልክቱን ቅርጽ አያውቅ ይሆናል።

ባለ 18 ካራቱ ምላስ ይበልጣል ወይ የሚለውን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስ። ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ አይደለም፤ በጫፉ ላይ የተበየደች፥ ከኦስሚየምና ከኢሪዲየም ወይም ከመሰል ጠንካራ ብረቶች የተቀየጠች ነጥብ ናት። ምላሱ የሚለጠጠውም በቅርጹ፥ በውፍረቱና በቅይጡ አሠራር ነው እንጂ በካራቱ ቍጥር አይደለም። ወርቅ የተመረጠበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ በዚያ ዘመን ብዙ ቀለም አሲድነት ስለ ነበረው ተራውን ብረት ይበላው ነበር፥ ወርቅን ግን አይነካውም።

ከምላሱ ቀጥሎ ሊነበብ የሚገባው ቀፎው የተሠራበት ነገር ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰብሳቢው በገዛ እጁ የሚያጠፋው ከሁሉ ይልቅ ይህን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስቲሎዎች የተሠሩት ከኤቦናይት ነው። ኤቦናይት ጎማ ከብዙ ድኝ ጋር ተቀቅሎ እንደ እንጨት ሲጠነክር የሚገኝ ነው። በአውራ ጣት አጥብቀው ቢያሹት የድኝ ሽታ ይሰጣል። ጥቁር ኤቦናይት ብርሃንና እርጥበት ሲያገኘው ቡናማ ወይም የወይራ መልክ ይይዛል፤ ይህም ቆሻሻ አይደለም፥ የጎማው ላይኛው ፊት ራሱ ተለውጦ ነው። ስለዚህ በሙቅ ውኃ የሚያጥበው ሰው ለውጡን ያፋጥነዋል እንጂ አያጠፋውም። በአሸዋ ወረቀት ፍቆ እንደገና የሚያጠቁረው ደግሞ በቀፎው ላይ በቀጭኑ የታተመውን የፋብሪካ ስም አብሮ ይፍቀዋል። እኔ ቡናማ ሆኖ ስሙ የሚነበበውን ጠቁሮ ስሙ ከጠፋው እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ሴሉሎይድ ነው። ይህ ከጥጥና ከናይትሪክ አሲድ ተሠርቶ በካምፎር የሚለሰልስ ነው፤ ስለዚህ ሲታሽ የካምፎር ሽታ አለው። እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎሩት፥ እንደ ዕንቍ የሚያብረቀርቁት የ1930ዎቹ ቀፎዎች አብዛኛዎቹ ከዚህ ናቸው። ሴሉሎይድ እሳት ቶሎ ይይዛል፤ የጋለ መርፌ ነክቶ መሞከር የሚባለውን ዘዴ የሚመክር ሰው አደገኛ መካሪ ነው። አልኮልም ፊቱን ያሟሟዋል። ሌላም ጠላት በሆዱ አለበት፤ ቀለም የሚይዘው የጎማ ከረጢት ሲያረጅ የድኝ ትነት እያወጣ ነጣ ያለውን ሴሉሎይድ ከውስጥ ያጠቍረዋል። ከረጢቱ ካለበት ከወገቡ ላይ ጠቁሮ ክዳኑ ግን መልኩን የጠበቀ ብዕር ካጋጠመ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በውጭ ቢወለውሉት አይመለስም።

ሦስተኛው ጋላሊት ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር የተገኘ ሲሆን በ1900 በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ። ስሙ በግሪክኛ የወተት ድንጋይ ማለት ነው፤ እውነትም ከወተት ከሚወጣው ካዜይን ተሠርቶ በፎርማሊን የሚጠነክር ነው። ቀለም በደንብ ይቀበላል፥ ሲወለወል እንደ ቀንድ ያበራል፤ በፈረንሳይ ለአዝራር፥ ለማበጠሪያና ለብዕር ብዙ ተሠርቶበታል። ነገር ግን ውኃ ይጠጣል።

እናቴ አንድ አረንጓዴ የተዥጎረጎረ ስቲሎ አደራ ብላ ሰጥታኝ ነበር። አያቴ በወጣትነታቸው በፈረንሳይ አገር ሲማሩ በመጀመሪያ በተሰጣቸው የኪስ ገንዘብ የገዙት ነው ይባላል፤ ከርሳቸውም ሞት በኋላ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮአል። በውስጡ ቀለሙ ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በቀፎው ላይ በቀጭኑ የተቀረጸ ጽሕፈት ነበረበት፤ ቆሻሻ ስለ ሸፈነው፥ ካጠብሁት በኋላ አነበዋለሁ ብዬ ተውሁት። ቀለሙ እንዲለቅ ብዬም ማታ በብርጭቆ ውኃ ነከርሁትና ተኛሁ። በማግሥቱ ሳወጣው ቀፎው አብጦአል፥ ለስልሶአል፥ መልኩም እንደ ደፈረሰ ውኃ ሆኖአል። ሲደርቅ ደግሞ ተጣሞ በጥቃቅን ስንጥቆች ተሞላ፤ ክዳኑም አልገጥም አለ። ለእናቴ ሳሳያት ምንም አላለችኝም፤ ተቀብላኝ በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ይህ ከሆነ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት የሚከተለው ነው። የቀፎውን ዓይነት በርግጥ ሳላውቅ ውኃ አላስነካም። በመጀመሪያ በመነጽር የሚታየውን ጽሕፈትና ምልክት ሁሉ በወረቀት እገለብጣለሁ፥ ፎቶግራፍም አነሣለሁ። ከዚያ በጨርቅ ብቻ እጠርጋለሁ። ምላሱ ከቀፎው ሊለይ የሚችል ከሆነ ምላሱን ብቻ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ እዘፈዝፋለሁ። ይህ ለሚቸኩል ሰው አሰልቺ ነው።

ስለ ቀለም አሞላሉ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን በፈረንሳይ ብዕሮች ዘንድ የሚታየውን ብቻ እነካለሁ። ፈረንሳዮች ከሌሎች ይልቅ የወደዱት ምላሱ ወደ ሆዱ የሚመለስበትን ስቲሎ ነው። ከኋላ ያለውን ቍልፍ ሲያዞሩት ምላሱ እንደ ኤሊ ራስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቀለሙ በማንጠብጠቢያ ይሞላል፤ ክዳኑ ሲጠብቅ የቀፎውን አፍ እንደ ጠርሙስ ቡሽ ይደፍነዋልና ኪስ ውስጥ ቢገለበጥም አይፈስም። ጉዳቱ ምላሱን ሳይመልስ ክዳኑን የገጠመ ሰው የምላሱን ጫፍ መስበሩ ነው፤ ስለዚህም በእንዲህ ያሉ ብዕሮች ላይ ተለውጦ የገባ ምላስ በብዛት ይገኛል። ሌሎቹ በጎን ባለ ማንሻ ወይም ከኋላ ባለ ተጫኝ ቍልፍ የጎማ ከረጢቱን ጨምቀው የሚመጥጡ ናቸው። የስቲሎሚን 303 ቍጥር ሞዴል ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ጎማ አለው። የጠነከረ ማንሻን በኀይል ማንሣት አያስፈልግም፤ በውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ስለሚሆን የሚሰበረው ማንሻው ነው።

ጂፍ ዋተርማን በ1930ዎቹ ያወጣው ከነዚህ ሁሉ የተለየ ነበር፤ ቀለም አስቀድሞ የተሞላበት ትንሽ የመስተዋት ቱቦ ተሠርቶ፥ ቱቦው ሲያልቅ በሌላ ይለወጥ ነበር። ዛሬ በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚሸጠው የፕላስቲክ ካርትሪጅ የዚህ ልጅ ነው። ዋተርማን ራሱ በ1953 ባወጣው ብዕር ቱቦውን በፕላስቲክ ተካው። አንድ ሰብሳቢ ከነቱቦው ያልተነካ የጂፍ ብዕር ቢያገኝ፥ ቱቦውን እንደ ትርፍ ነገር እንዳይጥለው አሳስባለሁ፤ መስተዋት ስለ ሆነ ተሰባብሮ ያለቀው ከብዕሩ ይልቅ እርሱ ነው።

የነዚህ ፋብሪካዎች መጨረሻ ቶሎ የመጣ ነው። ማርሴል ቢክና ኤዱዋር ቢፋር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1945 በፓሪስ አጠገብ በክሊሺ የብዕር ዕቃዎች የሚሠራ ወርክሾፕ ገዙ። ከዚያው ወርክሾፕ በ1950 መጨረሻ ቢክ የተባለው ባለ ኳስ እስክሪፕቶ ወጣ፤ ዋጋውም ስቲሎዎችን ሊወዳደሩት የማይችሉት ነበር። ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ዘመን ተቃወሙት፤ ባለ ኳሱ የልጆችን ጽሕፈት ያበላሻል ተብሎ በፈረንሳይ ትምህርት ቤቶች በይፋ የተፈቀደው በ1965 ነው። ቢክ በ1958 የአሜሪካውን የዋተርማን ኩባንያ አብዛኛውን ድርሻ ገዛ፤ በዚህም ስቲሎን የወለደው የአሜሪካ ስም በባለ ኳሱ ባለቤት እጅ ገባ። የፈረንሳዩ ዋተርማን ግን ተለይቶ ኖረ፤ በ1987 ጂሌት የተባለው ኩባንያ እስኪገዛው ድረስም ስቲሎ መሥራቱን አልተወም። ከላይ የዘረዘርሁአቸው የሌሎቹ ስሞች ብዕሮች ግን ዛሬ የሚገኙት በየሣጥኑና በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ብቻ ነው።

በፓሪስ ሰሜን ያለው የሴንት ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሁሉ የታወቀው ነው፤ ነገር ግን እዚያ ያሉት ነጋዴዎች ምልክቱን ከገዢው አስቀድመው አንብበዋል። በ1852 በተከፈተው በድሩዎ የሐራጅ ቤት ውድ ውድ ብዕሮች ከነታሪካቸው ይቀርባሉ። ለተማሪ አቅም የሚስማማው በየመንደሩ እሑድ እሑድ የሚደረገውና ስሙ በፈረንሳይኛ «ቆጥን ባዶ ማድረግ» የሚል ትርጕም ያለው ሽያጭ ነው። እዚያ ሻጩ የሞቱትን ዘመዶቹን ዕቃ በመሬት ላይ ዘርግቶ ይሸጣል፤ አንዳንዴም የብዕሩን ባለቤት ስምና ሥራ ይነግራል። ይህን የነገሩትን ወዲያው መጻፍ ይገባል፤ ከብዕሩ ጋር አብሮ የማይሸጥ ነገር ነውና።

በገበያ ላይ ከሁሉ የሚያስቸግረው የተጋባው ብዕር ነው፤ ይኸውም ቀፎው ከአንድ፥ ክዳኑ ከሌላ፥ ምላሱ ከሦስተኛ ብዕር የመጣ ነው። እዚህ ላይ ንስርና ጉጉት ጥቅማቸው ይታያል። በፈረንሳይ ተሠራ በተባለ ብዕር ላይ ባለ ጉጉት ምላስ ቢገኝ፥ ወይ ፋብሪካው የውጭ ምላስ ገዝቶ አስገብቶአል፥ ወይም ምላሱ በኋላ ተለውጦአል። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ምላሱን አውጥቶ ከሥሩ ያለውን ቀለም አስተላላፊ ቍራጭ ማየት ያስፈልጋል፤ ለብዙ ዓመት አብሮት የኖረ ምላስ በላዩ ላይ የጠርዙን ጥላ ይተዋል። ጥላው ከምላሱ ጠባብ ወይም ሰፊ ከሆነ ምላሱ እንግዳ ነው። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ስም ከታወቀ በጊዜው የታተመውን የዋጋ መዘርዝር አግኝቶ ብዕሩ ሲወጣ ምን ዓይነት ምላስ እንደ ነበረው ማረጋገጥ ይቻላል።

ባለፈው ክረምት የአያቴን ብዕር እናቴን አስፈቅጄ እንደገና አወጣሁትና በዚህ መንገድ መረመርሁት። በክዳኑ ላይ ያለችው ቀጭን ቀለበት የከርከሮ ራስ አለባት፤ እንግዲህ ብርነቱ በፓሪስ የተረጋገጠ ነው። ምላሱ 18 ካራት ነው፤ ምልክቱ ግን ጉጉት ነው። ቀለም አስተላላፊው ቍራጭ ከጥቁር ኤቦናይት ስለ ተሠራ ውኃው አልጎዳውም፤ በላዩም ከዛሬው ምላስ የጠበበ የሌላ ምላስ ጥላ በግልጽ ይታያል። እንግዲህ አያቴ አዲስ አድርገው ገዙት የተባለው ብዕር ምላሱ ተለውጦአል። ራሳቸው ሰብረውት አስለውጠውት ይሆናል፤ ወይም ገንዘባቸው ባለመብቃቱ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝተውት ለቤተ ሰቡ አዲስ ነው ብለው ይሆናል። እናቴ ሁለተኛውን ስነግራት ሣቀች፤ የርሳቸው ጠባይ ነው አለች። የሠሪው ስም ቢታወቅ መዘርዝሩን ፈልጌ ነገሩን ወደ አንዱ ማዘንበል በቻልሁ ነበር። በቀፎው ላይ ስሙ የነበረበት ስፍራ ግን በውኃው አብጦ ልሙጥ ሆኖአል፤ በመነጽር ሳየው የቀረው ፓሪስ ከሚለው ቃል የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው።